ዘመኑን የማይናገር ብር፦ የማኅተም ብረት ስንጥቅ እንደ ታሪክ ምስክር

ጠገራ ብር በእጁ ይዞ የመረመረ ሰው ሁሉ የሚያነበው ዘመን አንድ ነው፤ 1780። ብሩ ከጎንደር ነጋዴ ከረጢት የወጣ ይሁን፣ ከወሎ ሙሽራ አንገት የወረደ ወይም ከየመን ገበያ የተገዛ፣ በንስሩ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሕፈት የሚያልቀው በዚሁ አኃዝ ነው። የኦስትርያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፉትም በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ.፣ በኖቬምበር 29 ቀን ነው። ብሩ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። የቀይ ባሕር ገበያ መልኩንና ጽሕፈቱን አምኖ ተቀብሎት ስለነበር፣ ዘመኑን መለወጥ እምነቱን እንደ ማፍረስ ተቆጠረ፤ ስለዚህም ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት እንደ ተጻፈበት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲታተም ኖሯል። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ይህን ብር ሲያነሣ የሚገጥመው ችግር ግልጽ ነው። በላዩ የተጻፈው ዘመን የሚነግረው ነገር የለም። ብሩ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከምጽዋ የገባ ይሁን፣ ወይም ሙሶሊኒ ለወረራው መደገፊያ በሮም ያሳተመው፣ ጽሕፈቱ አይለይም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ጽሕፈቱ የሚደብቀውን ዘመን የማኅተሙ ብረት ጉድለት እንዴት እንደሚገልጠው ነው። ጉዳዩ በተለምዶ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ጨዋታ ተደርጎ ስለሚታይ በታሪክ ምሁራኖቻችን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ስለ ብረቱ። ማንኛውም ሳንቲም የሚታተመው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው። አንደኛው ከሥር ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ከላይ ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው ጥፍጥፍ ብር በግፊቱ እንደ ሊጥ ፈስሶ በብረቱ ላይ የተቦረቦረውን ቅርጽ ይሞላል። በማኅተሙ ላይ ጎድጓዳ የሆነው በሳንቲሙ ላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። በጥንት ዘመን እያንዳንዱ ማኅተም በእጅ ስለሚቀረጽ ሁለት ማኅተሞች ፈጽሞ አንድ ሊሆኑ አይችሉም ነበር። በኋላ ግን ከአንድ እናት ቅርጽ ብዙ ማኅተሞችን ተጭኖ ማውጣት ተቻለ፤ እነዚህ እንደ መንታ ቢመሳሰሉም ፊደል፣ ነጥብ ወይም አኃዝ በእጅ ሲጨመርባቸው ወይም ሲታደሱ ትንሽ ትንሽ መለያየታቸው አልቀረም።

ማኅተሙ ጥፍጥፉን እንዲያሸንፍ መጠንከር አለበት። አንጥረኞቻችን ማረሻ ሲያበጁ እንደሚያደርጉት ብረቱ ግሎ ይነከራል። ሆኖም ብረት በጠነከረ መጠን የመሰበር ጠባዩም ይጨምራል። ብዙ ሺሕ ጊዜ የተመታ ማኅተም በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ብዙውን ጊዜ ከጠርዙ፣ ወይም ፊደሉ በጥልቅ ከተቆረጠበት ቦታ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይጀምረዋል። በሚቀጥለው ምት ብሩ ወደዚያች ስንጥቅ ይገባል፤ በሳንቲሙም ላይ ጉብ ያለች ቀጭን መስመር ሆና ትታያለች። ስንጥቁ በየምቱ ይረዝማል፣ ከፊደል ወደ ፊደል ይሻገራል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ማተሚያ ቤቱ ማኅተሙን በጊዜ ካልጣለው በመጨረሻ ከጠርዙ አንድ ስባሪ ወድቆ፣ በሳንቲሙ ላይ ቅርጽ የሌለው እብጠት ይቀራል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ተመልሶ አይድንም። ማኅተሙን የሚጠብቀው ሠራተኛ ፊቱን በመወልወል ስንጥቁን ሊያደበዝዘው ይችል ይሆናል እንጂ ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ማኅተም የወጡ ሦስት ብሮች ቢገኙ፣ የመጀመሪያው ስንጥቅ የሌለው፣ ሁለተኛው አጭር፣ ሦስተኛው ረጅም ስንጥቅ ያለው ቢሆን፣ የታተሙበትን ቅደም ተከተል ያለ ምንም ሰነድ እናውቃለን። ዓመቱን አናውቅም፤ ማን ማንን እንደሚቀድም ግን እናውቃለን። በታሪክ ሥራ ውስጥ ይህን ያህል እርግጠኝነት የሚሰጥ ማስረጃ ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ነገር አለ፤ እኔም ስቼዋለሁ። በሳንቲም ላይ ያለ መስመር ሁሉ የማኅተም ስንጥቅ አይደለም። ጥፍር ሲያልፍበት ጉብ ብሎ የሚሰማ ከሆነ ከማኅተሙ የመጣ ነው። ጎድጉዶ የሚሰማ ከሆነ ግን ጭረት ነው፤ ብሩ ከታተመ በኋላ በቢላ፣ በድንጋይ ወይም በአንጥረኛ እጅ የደረሰበት ነው። ስንጥቅ የማኅተሙ ነውና በብዙ ሳንቲሞች ላይ ይደገማል፤ ጭረት ግን የአንዲት ሳንቲም የግል ጠባሳ ስለሆነ አይደገምም። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ለገዢ ሁሉ ይጠቅማል። ሁለት ብሮች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ቢያንስ አንደኛው በቅርጽ ሻጋታ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ነው፤ አስመሳዩ ሞዴል ያደረገውን ብር ከነጠባሳው ቀድቶታልና።

በሰብሳቢዎች ዓለም የሚፈለጉት ልዩነቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። በአሜሪካ እንደ ብርቅ ከሚታዩት አንዱ በ1937 በዴንቨር የታተመው የአምስት ሳንቲም ኒኬል ነው። በጀርባው ያለው ጎሽ ሦስት እግር ብቻ ነው ያለው፤ ሠራተኛው ማኅተሙን ለማጽዳት ሲወለውለው አንዱን የፊት እግር አጠፋው። በ1922 በዚያው ከተማ ከታተሙት የአንድ ሳንቲም መዳቦች መካከል አንዳንዶቹ የከተማይቱን ምልክት ፊደል የላቸውም፤ ማኅተሙ አልቆ ፊደሉ ስለጠፋ ነው። ለእነዚህ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፈለው ስሕተቱ ዐይን የሚስብ ስለሆነ ነው እንጂ ስለ አሜሪካ ታሪክ የሚነግረን ብዙ ነገር ኖሮ አይደለም። ለእኛ ጥናት ግን አንድ ብር ብርቅ መሆኑ ሳይሆን ከሌላው ጋር መዛመዱ ነው ቁም ነገሩ። ተራ የሆነች፣ ማንም የማይገዛት ስንጥቅ፣ ሦስት እግር ካለው ጎሽ ይልቅ ልትናገር ትችላለች።

ወደ ጠገራው እንመለስ። የዚህ ብር አገባብ 28 ግራም ያህል ክብደትና ከሺሕ 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። በዙሪያ ጎኑ የንግሥቲቱ መፈክር፣ ፍትሕና ርኅራኄ የሚለው የላቲን ጽሕፈት፣ ተቀርጾበታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደ መዘገቡት የአገራችን ገበሬ ይህን ብር ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በራሷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይቆጥራል፣ ከምስሉ በታች ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ ነጥቡ ካልተቆጠረለት ወይም ፊደሉ ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን የአላዋቂ ግትርነት አድርገው ቆጥረውታል። እኔ ግን ቪየና ውስጥ ያሉ ሊቃውንት ዘግይተው የጀመሩትን ምርመራ ያ ገበሬ ቀድሞ በገበያ ላይ ያደርገው እንደ ነበር ነው የማየው። ሁለቱ ፊደላት በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ሹማምንቱም ማተሚያ ቤቱም ካለፉ በኋላ ፊደላቱ ከ1780 ጋር አብረው ቀጥለዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሩ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሚላኖ፣ በቬኒስና በፕራግም ታትሟል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1935 ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ የወረቀት ሊሬ በአገራችን ገበያ እንደማይታመን ስላወቀች የማሳተሙን መብት ከነማኅተሙ ከኦስትርያ ተቀብላ በሮም ማተም ጀመረች። እንግሊዞች በቀይ ባሕር ንግዳቸው ላይ የደረሰውን ለመመከት በሚቀጥለው ዓመት የራሳቸውን ማኅተም ሠርተው በለንደን አሳተሙ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ ከጦርነቱም በኋላ በርሚንግሃም ተከተሉ። ለንደን ማኅተሟን ራሷ ስለሠራች ሥራዋ በንስሩ ጅራት ላባና በጌጡ አቀራረጽ ለለመደ ዐይን ይለያል። የሮሙ ግን ከቪየናው እናት ቅርጽ የወጣ ነው፤ መንታ ከመንታ የሚለይበት መልክ ስለሌለ የእያንዳንዱን ማኅተም ግላዊ ምልክት፣ ማለትም ስንጥቁን፣ የተደገመ ነጥቡን፣ የተወለወለ ላባውን መከተል ግድ ይሆናል። ኦስትርያዊው ዋልተር ሃፍነር ስለዚህ ብር ያዘጋጀው ሌክሲኮን መልኮቹን በትጋት የለየ ሥራ ነው። ሆኖም በማተሚያ ቤቱ በኩል የተጻፈ መዝገብ ብሩ በማን እጅ መቼ እንደ ደረሰ አይነግረንም። ያንን ሊነግረን የሚችለው ብሩ የተቀመጠበት ቤት ነው።

የራሴን ላውጋ። እናቴ አምስት ጠገራ ብር ያለው ድሪ ነበራት። አራቱን በክር አድርጋ በበዓል ታስረዋለች። አምስተኛውን ግን በጨርቅ ቋጥራ ለብቻው አስቀምጣው ነበር፤ አባቷ በጠላት ጊዜ በመንገድ ሥራ ውለው የተከፈላቸው ነውና «የጣልያን ብር ነው» እያለች አታስረውም። ከስደት በኋላ ድሪውም ቋጠሮውም በእኔ እጅ ገቡ። በዚያ በአምስተኛው ላይ ከንግሥቲቱ ትከሻ ተነሥታ እስከ ፊደሎቹ ግርጌ የምትደርስ መስመር አየሁና ጭረት ናት ብዬ ተውኳት። ጉብ ማለቷን ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ በመስኮት ብርሃን አዘንብዬ ስመለከታት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በስደት የምናውቃቸው ቤተሰቦች ያላቸውን ጠገራ ሁሉ እየለመንኩ ፎቶግራፍ ማንሣት ያዝኩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ከመቶ በላይ ብር አይቻለሁ።

ከነዚህ መካከል አንዱ የአንድ የአገሬ ሰው ነበር። አያቱ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሄደው በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። የያዙትን ሰባት ጠገራ በአደራ ሲያስቀምጡ የተጻፈላቸው ወረቀት ከብሩ ጋር ተጠብቆ ኖሯል፤ ወረቀቱ የተጻፈው በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሮም ማተም ከመጀመሯ በፊት። ከሰባቱ አንዱ የእናቴን አምስተኛ ብር ያተመው ማኅተም ሥራ ነው። ትከሻው፣ የፊደሎቹ ርቀት፣ ጥቂት ዘንበል ያለው ነጥብ ሁሉ ይገጥማል፤ ስንጥቋም እዚያው ናት። ነገር ግን በኢየሩሳሌሙ ብር ላይ ስንጥቋ ፊደሎቹን አልፋ ጠርዝ ደርሳለች፤ በመካከሏም ቅርንጫፍ አውጥታለች።

ከዚህ የሚገኘውን ድምዳሜ አንባቢው ቀድሞኝ ደርሶበት ይሆናል። የኢየሩሳሌሙ ብር ከ1935 በፊት ታትሟል። የእናቴ ብር ደግሞ ስንጥቁ አጭር ስለሆነ ከእርሱ ይቀድማል። እንግዲያውስ የሮም ሥራ ሊሆን አይችልም። ኢጣልያኖች በአገሩ ሲዘዋወር የነበረውንም አሮጌ ብር ሰብስበው ይከፍሉበት ስለነበር አያቴ በጠላት እጅ የተቀበሉት ብር ከጠላት በፊት በአገራችን ገበያ የኖረ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ አባቴ ይህን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው አስረው» አለች፤ ከዚያም ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቀችኝ።

አንድ ብር ስለ አንድ ቤተሰብ ከዚህ በላይ ሊናገር አይችል ይሆናል። ነገር ግን ዘዴው ሲሰፋ ሌላ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በወረራው ዘመን የሮም ብር እስከ ምን ድረስ ወደ ገጠሩ ዘለቀ? ገበሬው ተቀበለው ወይስ መለሰው? የኢጣልያ ቢሮዎች ሰነድ የሚነግረን ያወጡትን ነው እንጂ የገበሬውን እጅ አይደለም። የተቀበረበት ወይም በአደራ የተቀመጠበት ጊዜ የታወቀ ክምችት ግን ይነግረናል። ከ1935 በፊት በተዘጋ ክምችት ውስጥ ከተገኘ ማኅተም የወጣ ብር፣ ከዚያም ስንጥቁ ከዚያ የሚያንሰው ሁሉ፣ ከሮም ዝርዝር ይወጣል። በቀደሙት ክምችቶች ውስጥ ጭራሽ የማይገኝ፣ በኋለኞቹ ውስጥ ግን የሚበዛ ማኅተም ደግሞ ይጠረጠራል፤ ይህ ጥርጣሬ ብቻ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ አንርሳ።

ዘመኑ የቆመበት ገንዘብ ጠገራ ብቻ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ የታተሙት፣ 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞቻችን መጀመሪያ በፊላደልፊያ ታትመው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያው ዘመን እንደ ተጻፈባቸው መታተማቸውን ቀጥለዋል። በልጅነታችን በእጃችን የነበረው ጠርዙ የተሞረሞረ ስሙኒ እንኳ የራሱ ታሪክ አለው፤ የመጀመሪያው ክብ ነበርና ብር እየተቀባ እንደ ኀምሳ ሳንቲም ስለተላለፈ ነው ጠርዙ የተቆራረጠው። በዐፄ ምኒልክ ብር ላይም ሰብሳቢዎች አንበሳው የሚያነሣውን እግር ይመለከታሉ፤ 1887 ዓ.ም. በተጻፈበት ግራውን፣ 1892 ዓ.ም. በተጻፈበት ቀኙን ነው ያነሣው። ይህ ግን የፓሪስ ማተሚያ ቤት አዲስ ቅርጽ በማውጣቱ የመጣ ለውጥ እንጂ ስሕተት አይደለም፤ በሻጭ አፍ እንደ ብርቅ ስሕተት ሲነገር ሰምቼ ስላዘንኩ ነው ማንሣቴ።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ዘዴ የሚያስፈልገው ለአክሱም ገንዘብ ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙት የአክሱም ሳንቲሞች ዘመን አይጻፍባቸውም፤ ከነገሥታቱም አንዳንዶቹ የሚታወቁት በሳንቲማቸው ብቻ ነው። በእጅ መዶሻ ሲታተም ምቱን የሚቀበለው የላይኛው ማኅተም ከታችኛው ቀድሞ ስለሚሰበር፣ አንድ የታች ማኅተም ከብዙ የላይ ማኅተሞች ጋር ተራ በተራ ይጣመራል። ጥምረቱንና የስንጥቁን ዕድገት እየተከተሉ ሳንቲሞቹን እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ብዙ ሳንቲም በአንድነት ሲታይ ነው። በየመን በአል ማድሀሪባ የተገኘው ከ800 በላይ የአክሱም ወርቅ የያዘ ክምችት ለጥናቱ ያን ያህል የጠቀመው በአንድነት ስለተመዘገበ ነው። አንድ በአንድ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ሰንሰለቱ ገና ሳይሠራ በተበጠሰ ነበር።

በጠገራው ላይ በየቀኑ የሚደርሰው ይኸው ነው። ከግድግዳ ሥር የወጣው ማሰሮ ፎቶግራፍ ሳይነሣ ለአንጥረኛ ይሸጣል፤ በአገር ቤትም በዐረብ አገርም መስቀልና አምባር ሆኖ ይወጣል። በሰው ችግር ላይ ልፈርድ አልችልም፤ ብሩ የሚሸጠው ለልጅ ትምህርትና ለሕክምና ነው። ከመቅለጡ በፊት ግን የግማሽ ሰዓት ጊዜ አለው።

በእጃቸው ጠገራ ያላቸው አንባቢያን ሊያደርጉ የሚችሉት እንዲህ ነው። ብሩን በሎሚም ሆነ በአመድ አያሽሹት፤ ማሽሸት ቀጭኑን ስንጥቅ ሊያደበዝዘው ይችላል። በጨለማ ጨርቅ ላይ አኑረው፣ ብርሃኑን ከአንድ ጎን ዝቅ አድርገው፣ ከማስመሪያ ጋር ሁለቱንም ፊት ፎቶግራፍ ያንሡ። ሰንሰለት የተበየደበትን አይፍቱ። ብሩ ከማን፣ መቼ፣ በየትኛው አገር እንደ ተገኘ አሮጊቶቹ የሚሉትን እንደ ቃላቸው ይጻፉ፤ «የጣልያን ብር» የሚለውም ቢሆን ይጻፍ። አብረው የተገኙ ብሮች ቢለያዩም እንኳ አብረው መገኘታቸው በወረቀቱ ላይ ይቅር።